ጉጡና ቀጥ ያለው እንጨት

እህቴ ከስዊድን ለፋሲካ በመጣች ጊዜ ከሻንጣዋ በካልሲ ጠቅልላ ያወጣችልኝ ስጦታ አንድ የእንጨት ጽዋ ነበር። አፉ ሰፊ፣ ሆዱ ዝርግ፣ በመያዣው ላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ያለው። «ጋሼ፣ የሳሚዎች ጽዋ ነው፤ ቡናህን ጠጣበት» አለችኝ። ከጽዋው ጋር አንዲት የታጠፈች ወረቀት አብራ መጥታለች። ወረቀቷ ሦስት ሕግ ትደነግጋለች። አንደኛ፣ ይህን ጽዋ ሰው ለራሱ አይገዛም፤ ከሰጪ እጅ ብቻ ይቀበላል፤ ለራሱ የገዛ ዕድል ይርቀዋል። ሁለተኛ፣ በሳሙና አይታጠብም። ሦስተኛ፣ ጽዋው የአንድ ሰው ነው፤ ለሌላ አይሰጥም።

እኔ እህቴ በተመለሰች በሳምንቱ ሁለቱን ሕጎች አፈረስኩ። እንግዳ ቢመጣብኝ ጠላ ቀዳሁበት። እንግዳዬ ሲሄድ በሳሙና ፈትጌ አጠብኩት፤ ቶሎ ይድረቅልኝ ብዬም ፀሐይ በሚያርፍበት መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። ማታ ስመለስ ከአፉ እስከ መቀመጫው ተተርትሮ አገኘሁት።

መጀመሪያ ያፈርኩት በራሴ ነበር። ወረቀቷ አስጠንቅቃኝ የለ! ቀጥሎ ግን ጥያቄ መጣብኝ። ከዋልታው ክበብ ባሻገር፣ በበረዶና በእሳት መካከል፣ በእረኛ ወገብ ላይ ተንጠልጥሎ ዕድሜ ልኩን የሚንከራተት የተባለለት ዕቃ፣ በአዲስ አበባ መስኮት ላይ አንድ ቀን ውሎ ይሰነጠቃል? ስንጥቁን ወደ ብርሃን አቅርቤ አየሁት። በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ያለ ነበር። ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከዚያች ቀጥ ያለች መስመር ነው።

ማገዶ ፈላጭ የሚረግመው

ሳሚዎች በኖርዌይ፣ በስዊድንና በፊንላንድ ሰሜን፣ እንዲሁም በሩሲያ የኮላ ባሕረ ገብ መሬት የሚኖሩ ነባር ሕዝብ ናቸው። አገራቸውን በአራት መንግሥታት ድንበር ሳይከፋፍሉ ሳፕሚ ብለው ይጠሩታል። ጎረቤቶቻቸው ለብዙ ዘመን «ላፕ» ሲሏቸው ኖረዋል፤ ስሙ ንቀት ያለበት በመሆኑ ጨዋ ሰው ዛሬ አይጠራቸውም። ጽዋውን በሰሜን ሳሚኛ ጉክሲ ይሉታል። ፊንላንዶች ኩክሳ፣ ስዊድኖች ኮሳ ይሉታል፤ እነሱም ይፈለፍሉታል፣ ይጠጡበታል።

ደህና ጉክሲ ከተራ ግንድ አይወጣም። በርች የሚባለው ነጭ ልጥ ያለው የሰሜን ዛፍ አንዳንዴ ግንዱ ላይ እንደ ዕጢ ያብጣል። ዛፉ ሲቆስል ወይም ዕድገቱ ሲታወክ፣ እንጨቱ ቀጥ ብሎ መውጣቱን ትቶ በራሱ ላይ ይጠመጠማል። ይህ ጉጥ ጣውላ ለሚያወጣ ሰው ጉድለት ነው፤ ለጽዋ ሠሪ ግን ሀብት ነው። ምክንያቱን ለመረዳት አንድ ቀን ማገዶ መፍለጥ ይበቃል። ቀጥ ያለው ግንድ ፋሱ ገና ሲያርፍበት ጅማቱን ተከትሎ ለሁለት ይከፈላል። ጉጥ ያለበት ግንድ ግን ፋሱን ይውጥና አለቅም ይላል፤ ፈላጩም ይረግመዋል። ጉጥ እሺ ብሎ የሚከፈልበት አንድ አቅጣጫ የለውም። ጅማቱ ወደ ሁሉም ወገን ይሄዳልና።

የእኔ ጽዋ ለምን እንደ ተሰነጠቀ ያን ጊዜ ገባኝ። የተሠራው ከጉጥ አልነበረም። ከቀጥ ያለ የበርች ጣውላ በማሽን ተፈልፍሎ፣ በቀለም ተጠቋቁሮ፣ ከሦስት ሕጎች ጋር የተሸጠ ነበር። ሳሙናዬና ፀሐዬ ጥፋቱን አፋጠኑት እንጂ ስንጥቁ ከመጀመሪያው በውስጡ ተኝቶ ይጠብቅ ነበር።

የእውነተኛው አሠራር ሌላ ነው። ሠሪው ጉጡን ከዛፉ ቆርጦ ያወርዳል። ገና እርጥብ ሳለ በመጥረቢያ መልኩን ያወጣለታል፤ ሆዱን ጫፉ በጎበጠ ቢላ ይፈለፍላል። ከዚያ በኋላ ሥራው መጠበቅ ነው። በችኮላ የደረቀ እንጨት ይተረተራልና ጽዋው ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ይተዋል። በጨው ውኃ የሚቀቅሉትም አሉ፤ ጨው እንጨቱ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ያግዛል። ደርቆ ሲያልቅ በስለታም ቢላ ይስተካከላል፣ ዘይት ይጠጣል። የመያዣው ጫፍ ብዙ ጊዜ ሬንዲር በሚባለው የሰሜን አጋዘን ቀንድ ይለበጣል፤ በቀንዱ ላይ በቢላ ጫፍ ጌጥ ይጫራል፣ ጭረቱ እንዲታይም ቀለም ይታሽበታል። በደቡብ ሳሚዎች ዘንድ እንደ ጥልፍ የተጠላለፈ የመስመርና የማዕዘን ጌጥ ይበዛል። በሰሜን በኩል ያሉት ባዶ ቦታ መተው ይወዳሉ።

ሳሚዎች ይህን ሁሉ ዱዎጂ፣ ሠሪውን ደግሞ ዱዎያር ይሉታል። ዱዎጂን «የእጅ ጥበብ» ብሎ መተርጎም ይቻላል፤ ትርጉሙ ግን ከእጅ አያልፍም። ዱዎጂ ጉጡ ከየትኛው ዛፍ ላይ እንዳለ ማወቅን፣ እስኪደርስ መታገሥን፣ ቢላውን ከአባት ወይም ከአጎት መማርን ይጨምራል። ጽዋው የዚህ ሁሉ መጨረሻ ነው። የእኔው የፋብሪካ ጽዋ መጨረሻውን ብቻ ቀድቶ መንገዱን ትቶታል።

በዮክሞክ ገበያ

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጥር መጨረሻ፣ እህቴን ልጠይቅ ስዊድን ሄድኩ። የተሰነጠቀውን ጽዋ በካፖርቴ ኪስ ይዤዋለሁ። በባቡርና በአውቶቡስ ወደ ሰሜን ተጉዘን ዮክሞክ ገባን። ዮክሞክ ከዋልታው ክበብ ጥቂት አለፍ ብላ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1605 ጀምሮ በብርዱ ወራት ገበያ ይቆምባታል። ገበያውን የስዊድን ዘውድ ያቋቋመው ለሳሚዎች አስቦ አልነበረም፤ በየተራራው የተበተነውን ሕዝብ በአንድ ቦታ ሰብስቦ ግብር ለማስከፈልና ወደ ቤተ ክርስቲያን ለማቅረብ ነበር። ሳሚዎች ግን ገበያውን የራሳቸው አድርገውታል።

በከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1989 የተከፈተ አይተ የሚባል የሳሚዎች ሙዚየም አለ። ስሙ ጎተራ፣ ማከማቻ ማለት ነው። ጽዋዎቹን በመስታወት ውስጥ አየኋቸው። ያማሩ ናቸው፤ ነገር ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። እንዲህ ያለ ዕቃ የሚያበራው ከእጅ በሚያገኘው ቅባትና በየቀኑ ከሚጠጣው ቡና ነው። መስታወት ከአቧራ ያድነዋል፤ ከእጅም ይለየዋል። ከሙዚየሙ የወጣሁት እንደ ጠገበ ሰው ሳይሆን የምግብ ሽታ ብቻ እንዳሸተተ ሰው ሆኜ ነው።

ገበያው ላይ አንድ አዛውንት ዱዎያር ጠረጴዛቸውን ዘርግተው ቆመዋል። እህቴ በስዊድንኛ ሰላምታ ካቀረበች በኋላ የተሰነጠቀውን ጽዋዬን አውጥቼ ሰጠኋቸው። አዛውንቱ አልሳቁም፣ አልተቆጡም። የአውራ ጣታቸውን ጥፍር በስንጥቁ ላይ ከላይ እስከ ታች አስኬዱትና ጽዋውን በቀስታ አስቀመጡት። ቀጥለው ከራሳቸው ጽዋዎች አንዱን አንሥተው በእጄ ላይ አኖሩልኝ። ያየሁት ሂስ ሁሉ ከዚያ አይበልጥም።

አሁን ልዩነቱን በቃል ልሞክር። የፋብሪካው ጽዋ ከሁሉም ወገን እኩል ነው፤ ግራና ቀኙ በመስታወት የሚተያዩ ይመስላሉ። የአዛውንቱ ጽዋ ግን በአንድ በኩል በጥቂቱ ያጋደለ ነው፤ ጉጡ ወደዚያ አጋድሎ ስለነበረ። ሠሪው ከጉጡ ጋር አልታገሉም፤ የሚያዋጣውን ጠይቀው የተቀረውን ትተውለታል። በሆዱ ውስጥ የእንጨቱ ጅማት ውኃ ውስጥ እንደ ተጠነሰሰ ማዕበል ይዞራል። መያዣው ወደ ላይ ቀና ይላል፤ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ሳልፈልገው አገኘኝ። ከንፈር የሚነካው ጠርዝ የሳሳ ነው፤ መቀመጫው ግን ደልደል ያለ በመሆኑ ወጣ ገባ በሆነ በረዶ ላይ ቢያስቀምጡት አይደፋም። ከግርጌው የሠሪው ስም በቢላ ተጽፏል።

አንዳች ነገር ለጌጥ ብቻ የተጨመረ አላገኘሁም። እንጨት የሆነውም ለባህል ተብሎ አይደለም። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሲወርድ ብረት ከንፈር ላይ ይጣበቃል፤ ቡናውንም ወዲያው ያበርደዋል። እንጨት ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ ከንፈርንም አያቃጥል፣ አይዝም። በጉዞ ላይ ያለ ሰው ከምንጭ ጎንበስ ብሎ ይቀዳበታል፣ ከእሳት ዳር ቡናውን ይጠጣበታል፣ ከወገቡ ያንጠለጥለዋል። እዚህ ላይ ውበትና ጥቅም ተፋትተው አያውቁም። እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 2008 የኖረው የዮክሞኩ ሠዓሊና ዱዎያር ላርሽ ፒራክ የጨው መያዣ ሲሠራ በበረዶ ቆቅ መልክ አድርጎ የሠራው በዚሁ መንፈስ ይመስለኛል። ጨው የሚያስቀምጡበት ዕቃም ነው፣ ቆቅም ነው።

ከበሮው ተወሰደ፣ ጽዋው ቀረ

ስለ ሳሚዎች ጥበብ ሲነሣ አብሮ የሚነሣው ከበሯቸው ነው። በቆዳው ላይ ሰማይና ምድር የተሣሉበት፣ የነገሩን መጨረሻ የሚጠይቁበት ከበሮ። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን የስዊድንና የዴንማርክ-ኖርዌይ ባለሥልጣናትና ሚስዮናውያን ከበሮዎቹን የሰይጣን ዕቃ ናቸው እያሉ ነጠቁ፣ አቃጠሉ። ላርስ ኒልሰን የተባለ ሳሚ በከበሮውና በአምልኮቱ ተፈርዶበት እ.ኤ.አ. በ1693 በእሳት ተቃጥሏል። ከአንደርስ ፖልሰን እ.ኤ.አ. በ1691 የተወሰደው ከበሮ ለብዙ ዘመን በዴንማርክ ከቆየ በኋላ ባለቤትነቱ በኖርዌይ ካራስዮክ ወዳለው የሳሚዎች ሙዚየም የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ኤርንስት ማንከር የተባለው ስዊድናዊ ተመራማሪ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከጥፋት የተረፉትን ከበሮዎች ሲመዘግብ 71 ብቻ አገኘ።

ጽዋውን ግን ማንም አልነጠቀም። በጽዋ ላይ የሚከሰስ ነገር የለም፤ ቄሱም ራሱ ብርድ ሲመታው የሚዘረጉለትን ጽዋ እምቢ ያለ አይመስለኝም። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው። ሕዝቡ የተናገረበት ከበሮ በእሳትና በሙዚየም አለቀ፤ ሕዝቡ ዝም ብሎ የጠጣበት ዕቃ ከአባት ወደ ልጅ ተሻገረ። ቅርጽ ማውጣት፣ ለእንጨት መታዘዝ፣ የቢላ ጭረት ልክ፣ ይህ ሁሉ እውቀት ማንም ሳያየው በወገብ ላይ ተንጠልጥሎ አለፈ።

ይሁን እንጂ ጽዋውም ሙሉ በሙሉ አላመለጠም። በ19ኛውና በ20ኛው ክፍለ ዘመን መንግሥታቱ የሳሚ ልጆችን በአዳሪ ትምህርት ቤት ሰብስበው ቋንቋቸውን ሲያስጥሉ የዱዎጂም ገመድ ሳስቷል። ልጁ በሌለበት አባት ቢላውን ለማን ያሳያል? የኖርዌይ ፓርላማ ያለፈውን የማዋሐድ ፖሊሲ የሚመረምር ኮሚሽን አቋቁሞ ኮሚሽኑ ሪፖርቱን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ፊንላንድም በዋና ከተማዋ ሙዚየም የነበሩ ከ2,000 በላይ የሳሚ ዕቃዎችን እ.ኤ.አ. በ2021 ኢናሪ ላለው ለሲዳ ሙዚየም መልሳለች። አንድ ወጣት ዱዎያር የአያቶቹን ሥራ ለማየት ሩቅ ዋና ከተማ መሄድ ነበረበት፤ አሁን እዚያው አገሩ ያገኘዋል። መመለሱ ዕቃ የማንሣትና የማስቀመጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ለሚቀጥለው ጽዋ መማሪያ ነው።

ሦስቱ ሕጎች

እንግዲህ ወደ ወረቀቷ ልመለስ። ሦስቱ ሕጎች በአንድ ድምፅ ቢናገሩም የአንድ እናት ልጆች አይደሉም።

በሳሙና አትጠበው የምትለዋ የሙያ እውቀት ናት። ሳሙና ከእንጨቱ ዘይቱን ይገፋል፣ ጣዕሙንም ይተዋል፤ በውኃ ማለቅለቅና በጨርቅ ማድረቅ ይበቃል። የቡናው ጥላሸት እያደር ውስጡን ያጠቁረዋል፣ ያጠብቀውማል። ይህን የሚያውቅ በምጣድና በጀበና ያደገ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ነው። የአንድ ሰው ነው የምትለዋ ከኑሮ የወጣች ናት። ከሬንዲር መንጋው ጋር ለሚጓዝ ሰው ዕቃው የሚሸከመው ብቻ ነው፤ ጽዋውን በእጁ ልክ ያለምደዋል። እኛ በማኅበር ጽዋ የምንዞር ሰዎች ይህ ስስት ሊመስለን ይችላል። አይደለም።

ለራስህ አትግዛ፣ ዕድል ይርቅሃል የምትለዋን ግን በጥርጣሬ ነው የማያት። ስጦታ መቀበል ደግ ነገር ነው፤ ከሌላ እጅ የመጣ ጽዋ በጠጡ ቁጥር ሰጪውን ያስታውሳል። ወረቀቷ ላይ የታተመች ጊዜ ግን ሥራዋ ይለወጣል። ለጎብኚው «ወዳጅህን አስብ፣ አንድ ግዛለት» ትለዋለች፤ ሱቁም ይጠቀማል። ከዚህ የከፋው ሌላው ገጽታዋ ነው። ሳሚዎችን ገንዘብ የማይነካቸው፣ ስጦታ ብቻ የሚለዋወጡ የተረት ሰዎች ታስመስላቸዋለች። ከ400 ዓመት በላይ በዮክሞክ ገበያ የቆሙ ሰዎች! ዱዎያር ከሥራው ይበላል፣ ልጆቹን ያሳድጋል። የጉጡ ጽዋ ውድ የሆነበት ምክንያትም ግልጽ ነው፤ በውስጡ ብዙ ወራት አሉበት። መግዛት ነውር ነው ብሎ በፋብሪካ ዕቃ ላይ የሚጽፍ ነጋዴ ግን ተረቱን ከዱዎያሩ ወስዶ ገበያውን ጭምር ይወስድበታል።

«ታዲያ ምን ቸገረህ? ርካሹም ያምራል፣ ስማቸውንም ያስጠራል» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ርካሽ ጽዋ መኖሩን አልቃወምም። በስዊድን የጫካ ተጓዦች የፕላስቲክ ኮሳም ይይዛሉ፤ ፕላስቲኩ ግን ፕላስቲክ ነኝ ይላል፣ ማንንም አያታልልም። ማሽን መጠቀምንም አልከስስም፤ ጉጡን በመጋዝ ማሽን ቢቆርጡት ጉጥነቱን አይተውም። የምከስሰው ቀጥ ያለው እንጨት ጉጥ ነኝ ማለቱን ነው። ሳሚዎችም ይህን አይተው እ.ኤ.አ. በ1982 «ሳሚ ዱዎጂ» የሚል የጋራ ምልክት አውጥተዋል፤ ምልክቱ ያለበት ዕቃ በሳሚ እጅ የተሠራ ለመሆኑ ማረጋገጫ ነው። ደግ ሥራ ነው። ምልክት ግን የሚጠቅመው ማየት ለሚፈልግ ዓይን ነው። እኔ የመጀመሪያውን ጽዋዬን ሳገላብጥ ያነበብኩት ወረቀቷን ነው፤ እንጨቱን አላነበብኩም።

ቡናችን የደረሰበት

ይህን ሁሉ የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። በጽዋው ውስጥ ያለው ቡና ዘሩ ከእኛው ከደቡብ ምዕራብ ጫካ የወጣ ነው። የስዊድን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1756 ቡና ከልክሎ ነበር፤ ክልከላው ደጋግሞ ቢመጣም አልያዘም። ቡናው እስከ ሬንዲር እረኛው እሳት ዘልቆ ገባ። እዚያም የራሱን ወግ አበጀ። በማንቆርቆሪያ ይፈላል፤ ጨው የሚጨምሩበት አሉ፤ አይብ ቆራርጠው ይጨምሩበትና ቡናው ሲያልቅ የለሰለሰውን አይብ ይበሉታል፤ የደረቀ የሬንዲር ሥጋም ይነከርበታል። በዮክሞክ እህቴና እኔ አይብ የገባበትን ቡና ስንጠጣ እናቴ በልጅነታችን ጨው ጣል አድርጋ የምታጠጣን ቡና ትዝ አለን።

እኛስ ቡናችንን ምን እያደረግነው ነው? በየሆቴሉ አዳራሽ የፕላስቲክ ቄጤማ ጎዝጉዘን፣ ልጅቷን ጥልፍ አልብሰን፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የምትል ወረቀት ለእንግዳው እንሰጣለን። አንዳንድ ቦታ ቡናው ከጓዳ በማሽን ፈልቶ ወደ ጀበናው ሲገለበጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ሦስቱን ስሞች ያነበበው እንግዳ ደስ ብሎት ይሄዳል። ወግን ወረቀት ላይ ጽፎ መሸጥ ሰሜኖች ብቻ የሚያውቁት ሙያ አይደለም።

ከአዛውንቱ ጽዋ ገዛሁ። ዋጋውን ስትሰማ እህቴ ፊቷ ተለዋወጠ፤ «እኔ ልግዛልህ፣ ለራስህ ስትገዛ ዕድልህ ይርቃል» አለች፤ ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ ምር ነበር። እምቢ አልኳት። አዛውንቱ ገንዘቤን ቆጥረው ተቀበሉኝ፤ ጽዋውን ጠቅልለው ሲሰጡኝ እጄን ጨበጡኝ። ዕድሌ ከዚያ ወዲህ አልከፋም፣ አልተሻለምም።

አሁን ጠዋት ጠዋት ቡናዬን የምጠጣው በእሱ ነው። እናቴ ዛሬም አልተዋጠላትም። «ልጄ፣ ይኼ እኮ የጠላ ዕቃ ነው። ሦስት ሲኒ በአንድ ጊዜ ጠጥተህ ቶናውን ለማን ልትተው ነው?» ትለኛለች። ውስጡ መጥቆር ጀምሯል። የተሰነጠቀውን ግን አልጣልኩትም። ጠረጴዛዬ ላይ እርሳስ ይዞልኛል፤ ስንጥቁን ወደ እኔ አዙሬዋለሁ።